የውስጥ ካቦ

«ቱቦዎቹን እኔ ጋ አስቀርቻቸዋለሁ» አለ ባለሱቁ። ሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ አንድ እግሩን አንስቶ የጫማውን ክር ያስራል፤ ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሀል አጣብቆታል። «ስፖንጁንም ጭምር። እነሱ ከሌሉ ካቦው በምኑ ይገባለታል? እስከ አስር ሰዓት ሲጎረጉር ይዋልና ራሱ ደውሎ ‹አልቻልኩም› ይላል። እኔ አባረርኩት አይባልም፣ አንተም ቦታውን ያዝክ ማለት ነው። ሽማግሌ ነው፣ በክብር እንሸኘዋለን።»

ልብስ ሰፊዋ ከእሱ በታች ባለው ደረጃ ላይ ነበረች። በማለዳ ወጥታ ዚፕና ክር ገዝታ፣ ዋጋው ካለፈው ሳምንት ጨምሮ ስላገኘችው ከነጋዴው ጋር ተጨቃጭቃ፣ ተሸንፋ፣ ፌስታሏን አንጠልጥላ እየተመለሰች ነው። ጉልበቷን ስለሚያማት በየፎቁ ቆም እያለች ነው የምትወጣው፤ ያን ጠዋት ቆም ባትል ኖሮ ምንም ሳትሰማ ታልፈው ነበር። የሰማችውን ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባትም። በዚህ ሕንፃ ውስጥ ዛሬ ካቦ የሚያስገባ ሽማግሌ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ታላቅ ወንድሟ ነው። ባለሱቁ ስልኩን ዘግቶ ሲወርድ ግድግዳው ሥር አገኛት። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለና «እንደምን አደሩ እትዬ፣ ወንድምዎን ለዛሬ ሥራ አስይዘንልዎታል» አላት። «እግዜር ይስጥልን» አለችው። አፏ ነው ያለው እንጂ እሷ አላለችም፤ የቀሩትን ሃያ ሁለት ደረጃዎች የወጣችው አፏን እየረገመች ነው።

ወንድሟን ሰው ሁሉ «መፍቻ» ነው የሚለው። ሃያ ስምንት ዓመት አንድ ብስክሌት ቤት ውስጥ ሠርቷል። የተቀጠረው በዚህ ባለሱቅ አባት ዘመን ነው፤ ይህንኑ ባለሱቅ ገና ጥርሱ ሳይሞላ ኮርቻውን ከኋላ ይዞ እየሮጠ ብስክሌት መንዳት ያስተማረው እሱ ነው። ወርቅ ላበደረ ጠጠር የሚባለው ይሄኔ ነው። ሱቁ ወደ ሰፊ ባለመስታወት ቤት ሊዛወር ተብሎ ከተዘጋ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ በዚህ መሀል «የአዳዲሶቹ የተራራ ብስክሌቶች ካቦ በውስጥ ነው የሚሄደው፣ ለድሮ ሰው አይሆኑም» የሚል ወሬ ተነሳ። ባለሱቁም ሰው እንዳያማው መላ ዘየደ። መፍቻ አንድ አዲስ ብስክሌት ቤቱ ሆኖ ይገጣጥም፤ እስከ አስር ሰዓት ከጨረሰ ከሱቁ ጋር ወደ አዲሱ ቤት ይሄዳል፣ ካልጨረሰ እዚሁ ላይ ይሰነባበታሉ። ሲሰሙት ፍትሕ ይመስላል።

እነዚያ ሦስት ሳምንታት ለእሷም ቀላል አልነበሩም። እህትና ወንድም ሁለት ክፍል ተከራይተው አብረው ይኖራሉ፤ እሷ ስትሰፋ ትውላለች፣ እሱ ወጥቶ ይገባል፣ ማታ ራት ይበላሉ፣ ይተኛሉ። ሥራ የፈታ ወንድ ቤት ሲውል ግን የሚደክመው ቤቱ ነው። የበሩን ማጠፊያ አራት ጊዜ ዘይት ቀባው። ምንም ያልሆነ ካውያዋን ፈታትቶ መልሶ ሲገጥመው አንድ ብሎን ተረፈው፤ በጣቱ ይዞ አሳያትና «ትርፍ ነው» አላት፤ ከዚያ ወዲህ ካውያው ሲግል ያፏጫል። ጠዋት ጠዋት ፀጉሩን አበጥሮ፣ ጃኬቱን ለብሶ፣ ጫማውን አስሮ ወንበር ላይ ይቀመጣል። የት ልትሄድ ነው ብላ አትጠይቀውም። አንድ ቀን ልትጠይቀው አፏን ከፍታ ፊቱን ስታየው ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወራችለት።

ልንገረው ወይስ ልተወው ስትል በሩ ላይ ደረሰች። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ ወንድሟን ደግሞ ታውቀዋለች። ድሮ የባለሱቁ አባት በሰው ፊት አንዲት ቃል ቢናገሩት ሥራውን ጥሎ ወጥቶ፣ አዛውንቱ ራሳቸው መጥተው እስኪለምኑት ድረስ ሁለት ወር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ዛሬ ይህን ቢሰማ ብስክሌቱን በደረጃው ቁልቁል እንደሚለቀው አልተጠራጠረችም። የዛሬው ጌታ ደግሞ መጥቶ የሚለምን አይደለም፤ ጥሎ መሄዱን ነው ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው። ዝም አይነቅዝም ብላ ገባች። ወንድሟ ኩሽና ውስጥ ቧንቧውን ከፍቶ እጁን ይታጠባል፤ ገና ሥራ ያልነካ እጁን።

«መጣሽ?»

«መጣሁ። ሰውዬው ሄደ?»

«ሄደ» አለና መታጠቡን ቀጠለ።

ጨርቅ የምትቆርጥበት ጠረጴዛ ተወስዶባታል። ነገ ጠዋት የምታስረክባቸው አሥራ ሁለት የአስተናጋጅ ሱሪዎች ወደ አልጋዋ ተዛውረዋል፤ በእነሱ ቦታ ብርድ ልብስ ተነጥፎ ግራጫ የአሉሚኒየም የብስክሌት አካል ተጋድሞበታል፤ ጎማ የለው፣ መሪ የለው። ዋጋው የእሷን የአንድ ዓመት ገቢ ያህላል፤ ይህን የነገራት ወንድሟ ነው፣ እንዳትነካው። አንገቱ ላይ ግራና ቀኝ ሁለት ቀዳዳ አለው፤ የኋላ እግሮቹ ጫፍ ላይ ደግሞ ሌላ ሁለት። በአንዱ የማርሹ ካቦ፣ በሌላው የኋላው ፍሬን ካቦ ይገባና በሆዱ ውስጥ ተጉዞ ከኋላ ይወጣል። ሆዱ ግን ባዶ ዋሻ ነው፤ ካቦው አንዴ ከገባ የት እንደደረሰ አይታወቅም። ቀጭኑ የፕላስቲክ ቱቦ ለዚህ ነው፣ ዓይነ ስውርን እጁን ይዞ መንገድ እንደሚያሻግር ሰው ካቦውን እስከ መውጫው ይወስደዋል። ስፖንጁ ደግሞ ካቦው ላይ ይጠቀለላል፣ ብስክሌቱ ድንጋይ ላይ በዘለለ ቁጥር ውስጥ ለውስጥ እንዳይንኳኳ።

መፍቻ ዕቃውን አንድ በአንድ ከካርቶኑ እያወጣ ጋዜጣ ላይ ደረደረ። ብሎኖቹን በመጠናቸው ለየ። ቀዳዳዎቹ አፍ ላይ የሚገቡትን አራት የጎሚኒ ቀለበቶች በአውራ ጣቱ እየጫነ ልስላሴያቸውን ፈተነ። ከዚያ ካርቶኑ ውስጥ ጎንበስ ብሎ አየ፣ ገለበጠው፣ ታችኛውን መታ መታ አደረገው። ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን አየር ላይ ይዛ ቀረች።

«ሁሉም አለ?» አለችው።

«አለ።»

ካርቶኑን አጣጥፎ ከአልጋው ሥር ከተተው። እሷ ግን የባሰ ደነገጠች። ጎደለ ብሎ ቢቆጣ ትጠብቅ ነበር፤ የጎደለ መኖሩን ያለማወቁ አልመጣላትም። ለካ እውነትም የአዲሶቹን ነገር አያውቀውም? የክፉ ሰው ክፋት አንድ ነገር ነው፤ ክፉው ሰው ልክ ሆኖ ሲገኝ ግን መግቢያ የለውም። ወንድሟ አረጀ ብላ አስባ አታውቅም ነበር። አሁን ጎንበስ ብሎ ሲሠራ አንገቱ ላይ ያለውን ቆዳ እያየች አሰበች፣ አዘነችም።

እስከ አራት ሰዓት ድረስ ሁሉ አማን ነበር። የፊት ጎማውን የሚይዘው ፎርኬላ ገባ፣ ጎማዎቹ ገቡ፣ መሪው ቆመ፤ እጁ የሚያውቀውን ሥራ ሲሠራ ከአፉ ፉጨት ይወጣል። ካቦው ላይ ሲደርስ ፉጨቱ ቆመ። በላይኛው ቀዳዳ ሰደደው፤ ካቦው ሆድ ዕቃው ውስጥ እንደ አይጥ እየጫረ ሄደና አንድ ቦታ ተጠመዘዘ። አወጣው። አጠፍ አድርጎ ሰደደው፤ በገባበት ተመልሶ ወጣ። ከድሮ ጎማ የወጣ ቀጭን ሽቦ፣ ራጅ የሚሉትን፣ አጥፎ ሜንጦ ሠራ፣ በታችኛው ቀዳዳ እያስገባ ካቦውን ሊያጠምደው ሞከረ። መነጽሩን አደረገ፣ አወለቀ፣ ወልውሎ አደረገ። እሷ ሱሪ ታጥፋለች፣ ትሰፋለች፣ ቀና ብላ ታያለች። ከላይኛው ፎቅ ሰው ወንበር ሲጎትት ይሰማል፤ መንገድ ላይ አንድ መኪና ሲያስነሱት እምቢ እያለ ያስላል። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ወንድሟ ጀርባውን ይዞ ቀና አለና መስኮቱን ማየት ጀመረ። ፊቱ ላይ ንዴት ቢኖር ይሻላት ነበር፤ የነበረው ድካም ነው።

እሷም መርፌዋን ስታይ ነው ነገሩ የመጣላት። ግን ታላቅ ወንድም እንዲህ አድርግ ተብሎ በቀጥታ አይነገረውም፤ ዙሪያ ጥምጥም ነው የሚኬደው።

«ጋሼ፣ እኔ የሱሪ ወገብ ውስጥ ገመድ የማስገባው እንዴት እንደሆነ ታውቃለህ?»

«ምኑን ነው የማውቀው?»

«ጫፉ ላይ መርፌ ቁልፍ አስሬ ነው። ከውጭ በጨርቁ ላይ በጣቴ እየገፋሁ አዞረዋለሁ።»

«ይሄ ብረት ነው አንቺ ልጅ። በጣት አይገፋም።»

ከማሽኗ ሥር የወደቀ መርፌ የምትለቅምበትን ማግኔት አምጥታ ብስክሌቱ ላይ አስቀመጠችው። ማግኔቱ አልያዘም፣ ተንሸራቶ ብርድ ልብሱ ላይ ወደቀ። መፍቻ የወደቀውን ማግኔት አየ፣ እሷን አየ። «አሉሚኒየም ማግኔት አይስበውም» አለ ቀስ ብሎ፤ ከጠዋት ጀምሮ ፊቱ ሲፈታ ያየችው ያኔ ነው። መርፌ ላይ ረጅም ክር አስረው በላይኛው ቀዳዳ ጣሉት። እሱ ማግኔቱን ከውጭ በአካሉ ላይ ጣት ጣት እያስኬደ፣ እሷ ክሩን እየለቀቀች፣ መርፌዋ በጨለማው ውስጥ ማግኔቱን ተከትላ ቁልቁል ወረደች፣ ታጠፈች፣ ከኋላ እግሩ ቀዳዳ ላይ ጫፏን ብቅ አደረገች። ቀጭኑን ክር በወፍራም ክር ለወጡት፣ በወፍራሙ ላይ ካቦውን አጣብቀው ሳቡት፤ ወጣ። ከዚያ በኋላ የካቦውን ሽፋን በላዩ ላይ ማንሸራተት ብቻ ነው የቀረው።

«ግን እንዲህ ሲሆን ውስጥ ለውስጥ አይንኳኳም?» አለች እሷ፣ ምንም እንደማታውቅ ሰው።

መፍቻ ሽፋኑን እንደያዘ ረጅም ጊዜ አያት። «ይንኳኳል» አለ። እሷም የአሮጌ ካፖርቷን ገበር ተርትራ ስስ ጥጡን አወጣች፤ እንደ ጣት የቀጠነ ረጅም እጅጌ አድርጋ ሰፋችና ሽፋኑን አለበሰችው። ለሁለተኛው ካቦም ሌላ ሰፋች። የማርሹ ካቦ ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ቦታውን ያዘ። ዳቦና ሻይ ቆመው በሉ፤ ዳቦው የትናንት ነበር።

የፍሬኑ ካቦ የሚወጣበት የኋላ እግር ግን ጠማማ ነው፤ መሀሉ ላይ ደግሞ ብየዳ አለ። መርፌዋ እዚያ ስትደርስ ትቆማለች፣ ማግኔቱ ሲያልፍ ትቀራለች። ደጋግመው ከላይ ጀመሩ። መፍቻ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለ እንደ መቀለድ፣ ቀጥሎም «እንቁላሉ ግን ስንት ሰዓት እንደደረሰ አይነግሩንም» አለ። ስምንት ሰዓት ሲያልፍ መርፌዋ ወጣች። ነቅለው ወፍራሙን ክር ተኩ፤ አንዱ ጫፍ አንገቱ ላይ፣ ሌላው ጫፍ የኋላ እግሩ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ማጣበቂያው አልቆ ስለነበር መፍቻ ጃኬቱን አንስቶ «ከታች ሱፐር ግሉ ልግዛ» ብሎ ወጣ።

ልብስ ሰፊዋ ብቻዋን ስትቀር አካሉ ላይ የእጃቸው ወዝ እንዳረፈ አየች። እንዲህ ሆኖ ለሰው አይሰጥም ብላ ንጹሕ ጨርቅ አነሳች። አሁንም ስታስበው እጇ ምን እንዳሠራው አታውቅም። አንገቷ ላይ በጥብጣብ የተንጠለጠለች ትንሽ የክር መቀስ አለቻት፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከእጇ የወጣ ልብስ ሁሉ ክር ተንጠልጥሎበት ወጥቶ አያውቅም። አንገቱን ወለወለች፤ ክር ተንጠልጥሏል፤ ቀጭ። ወደ ኋላው ዞረች፤ እዚያም ክር ተንጠልጥሏል፤ ቀጭ። ከዚያም ሥሩን ልትወለውል አካሉን ቀና አደረገችው፤ ክሩ በሆዱ ውስጥ ሲንሸራተት ሰማች። እጇ ላይ የቀሩትን ሁለት ቁራጮች እስክታያቸው ድረስ ምን እንዳደረገች አልገባትም።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷ እንኳ አልቸኮለችም፣ እሱ ነው የሚቆጫት። አልጋው ጠርዝ ላይ ሱሪዎቹ መሀል ተቀመጠች። ባለሱቁ ያሰበው ክፋት አንዱ ካቦ ሲገባ ግማሹ ከሽፎ ነበር፤ ቀሪውን እሷ በገዛ መቀሷ ጨረሰችለት። ወንድሟ ሲገባ አልተነሳችም።

«ቆረጥኩት» አለችው።

«ምኑን?»

«ክሩን። ተንጠልጥሎ አይቼ ነው። እጄ ነው የቆረጠው፣ ጋሼ።»

ማጣበቂያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ወደ ቀዳዳው ጎንበስ አለ፣ ወደ ሌላው ሄዶ ጎንበስ አለ፤ ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ይጮኽ ይሆናል ብላ ጠበቀች። ይሰድበኛል አለች በሆዷ፤ ቢሰድባት ትወድ ነበር። እሱ ግን መነጽሩን አውልቆ ዓይኖቹን በእጁ ጀርባ አሸ።

«ይቅር በቃ» አለ። «ልደውልለትና መጥቶ ይውሰደው። ያንቺም ሥራ አደረ፣ የኔም ዓይን ደክሟል። ሰው የሚሆንለትንና የማይሆንለትን ማወቅ አለበት።»

ይቺ ናት። ባለሱቁ ደረጃ ላይ ቆሞ የጠበቃት ቃል ይቺ ናት፣ ከወንድሟ አፍ እንደ ራሱ ሐሳብ ሆና ወጣች። ጠዋት የሰማችውን ሁሉ ልትነግረው ቃጣት። ብትነግረው ለዛሬ እልህ ይሆነዋል ወይስ ያንኑ የድሮውን ግድግዳ? አታውቅም። ዋጠችው።

«አትደውልም» አለች። «የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ የማስገባው እኔ ነኝ። አንተ ማግኔቱን ያዝ።»

«ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው እኮ።»

«ይሁና። ሱሪ ሳስረክብ ዘግይቼ አውቃለሁ? ያዝ ብዬሃለሁ።»

ያዘ። የሚቀጥለው አርባ ደቂቃ በሁለቱ ዕድሜ ውስጥ ብዙ የተቀራረቡበት ነበር፤ ግንባራቸው ሊነካካ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ አንድ ብረት ላይ ጎንብሰው፣ የእሱ ትንፋሽ ሻይ ሻይ እየሸተታት፣ እጁ ሲንቀጠቀጥ እጇን ከላይ ጭና እየያዘችው። መርፌዋ ብየዳው ላይ ስትደርስ ማግኔቱን ወደ ጎን አዙረው በእግሩ ሆድ በኩል አሳለፏት፤ ይህን ያገኘው ማን እንደሆነ አልታወቀም፣ ሁለቱም እጆች እዚያ ነበሩ። ክሩ ወጣ። ጫፉን በጥርሷ ነክሳ ያዘችው፣ ካቦው ተስቦ እስኪወጣ አለቀቀችም። ጥጥ የለበሰው ሽፋን ገባ፣ ጎሚኒዎቹ ቀዳዳዎቹን ደፈኑ፣ ፍሬኑ ተሳበ፣ ተለቀቀ፣ ተሳበ። አስር ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ብስክሌቱ መሬት ላይ በሁለት ጎማው ቆሞ ነበር። ልብስ ሰፊዋ መቀሷን ከአንገቷ አውልቃ ኪሷ ከተተቻት።

ባለሱቁ አልተደወለለትምና ግራ የገባው ፊት ይዞ ነው የመጣው። በሩ ላይ ቆሞ ብስክሌቱን ሲያይ «እንዴ» አለ። ከዚያ ሥራውን ጀመረ። ማርሹን እየቀያየረ ፔዳሉን አዞረ፤ ካቴናው ቀጭ ቀጭ እያለ ከጥርስ ጥርስ ተሸጋገረ። የኋላውን ፍሬን ይዞ ወደ ፊት ገፋ፤ ጎማው አልነቃነቅ አለ። ከጎኑ ተቀምጦ ጎሚኒዎቹን በጥፍሩ ሞከራቸው። መፍቻ ከግድግዳው ተደግፎ እጆቹን አጣምሮ ያያል፤ እህቱ ከማሽኗ ኋላ ቆማለች። በመጨረሻ ባለሱቁ ብስክሌቱን በሁለት እጁ አንስቶ እንደ ወንፊት አራገፈው። ምንም አልተሰማም። እንደገና አራገፈው።

«ስፖንጁን ከየት አመጣችሁት?» አለ።

አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል። ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳለ ለራሱም የገባው፤ ስፖንጅ ጎድሎናል ብሎ የነገረው ማንም የለም። ብስክሌቱን ቀስ ብሎ አስቀመጠው፣ ጆሮው ቀላ። ልብስ ሰፊዋ ወንድሟን አየችው። አሁን ይናገር፣ አለች በሆዷ፤ ሃያ ስምንት ዓመት ያጠራቀመውን አሁን ይበለው። ቀኑን ሙሉ ቁጣውን ስትፈራ የዋለችው ሴት አሁን ያን ቁጣ ናፈቀችው። ወንድሟ ግን ከግድግዳው አልተነቃነቀም።

«አንተ ልጅ» አለች፣ ከማሽኑ ኋላ እየወጣች፣ «አንተ ልጅ፣ እኔ ጠዋት ደረጃው ላይ...»

«እህቴ» አለ መፍቻ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «አንዴ ተይ።» ከዚያ ወደ ባለሱቁ ዞረ፤ ዓይኑን አላሸሸበትም፣ ፊቱንም አልቋጠረም፣ እንዲሁ አየው። ሰውዬው ግን ዓይኑን ከብስክሌቱ ኮርቻ ላይ አላነሳም። «አዲሱ ቤት ሰኞ በስንት ሰዓት ነው የሚከፈተው?»

«ሁለት ሰዓት» አለ ባለሱቁ ለኮርቻው። «ሁለት ሰዓት ከመድረሱ በፊት... ማለቴ ሁለት ሰዓት ይበቃል።» ብስክሌቱን ራሱ ተሸክሞ ወረደ። ለመሰናበት ዞር ሳይል ቀረ፤ እጁን ደረቱ ላይ ሊያደርግ አልተመቸውም።

በሩን የዘጋችው እሷ ናት። ከንዴቷ ብዛት ቁልፉን ሁለቴ አዞረችው። ወንድሟ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ያሻል፤ ጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብሱ ብቻ ቀርቷል።

«አውቀህ ነበር» አለችው።

«የኩሽናው መስኮት በደረጃው በኩል ነው። ሰውዬው ደግሞ በስልክ ሲያወራ ይጮኻል።»

«ታዲያ ሁሉም አለ ያልከኝ?»

«አንቺ ብትሰሚ ወርደሽ አንቀሽ ትይዥዋለሽ ብዬ ነዋ። አሁን ልትዪው የነበረውን ጠዋት ትዪው ነበር፣ ሥራውም ሳይጀመር ይቀር ነበር። መስማትሽን ያወቅኩት ስለ ስፖንጁ ሳልነግርሽ አይንኳኳም ወይ ስትዪኝ ነው።»

ልትስቅ አማራት፣ ሳቁ ግን አልወጣም። አንዱ ከሌላው የደበቀው አንድ ነገር ነው፤ ሁለቱም ተሸክመውት ዋሉ፣ ሁለቱም ደከሙበት። ያም ሆኖ ንዴቷ አልበረደም። ሄዳ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«እና ትሄዳለህ? የሠራብህን እያወቅክ፣ ማወቅህንም እያወቀ፣ እዚያ ቆመህ ትሠራለታለህ?»

«እሄዳለሁ።»

«ደስ ብሎህ?»

መፍቻ የደረቀ ማጣበቂያ ከአውራ ጣቱ ላይ እየላጠ አሰበበት፤ እውነቱን ሊነግራት እንደሚፈልግ ያስታውቅ ነበር።

«ደስ አላለኝም» አለ። «ጠዋት ተነስቼ የምሄድበት ግን አለኝ።»